ስለ ገንዘብ የተጻፈ መጽሐፍ የማን ገንዘብ ነው?



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ላይ ላዩን ሲታይ የጥቂት ሥራ ፈቶች ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ጥንታዊ ሳንቲም የሚሰበስቡ ሰዎች በዓለም ላይ እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን። ከእነርሱ ጎን ደግሞ ሳንቲሙን ትተው ስለ ሳንቲም የተጻፉ ጥንታዊ መጻሕፍትን የሚሰበስቡ አሉ። ሁለት መቶና ሦስት መቶ ዓመት የሆነው የዲናርና የድርሃም መዝገብ የት እንደሚገኝ ያጠያይቃሉ፤ በጨረታ ይወዳደራሉ፤ ያገኙትንም እንደ ዐይናቸው ብሌን ይጠብቃሉ። እኔም በአቅሜ ከእነዚሁ እቆጠራለሁ። በአዲስ አበባ አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡ ሰዎች ዘንድ ባለፉት ዓመታት የለቃቀምኳቸው ጥቂት መጻሕፍት አሉኝ። አብዛኞቹ ሽፋናቸው የተገነጠለ፣ ጠርዛቸው የተበላ ነው።

ላነሣው የፈለግሁት ግን ስለ እኔ መደርደሪያ አይደለም። ጥያቄው ይህ ነው፦ አንድ ሰው በሐላል ገንዘቡ የገዛውን ብርቅ መጽሐፍ ማንም እንዳያየው ቆልፎ የማስቀመጥ መብት አለውን? በአማርኛችን «ገንዘብ» ሁለት ነገር ነው። የምንሸጥበትና የምንገዛበት ገንዘብ ነው፤ «ይህ የእኔ ገንዘብ ነው» ስንል ደግሞ ንብረቴ ነው ማለታችን ነው። እንግዲህ ስለ ገንዘብ የተጻፈው መጽሐፍ የማን ገንዘብ ነው? የገዢው ብቻ ነውን? ወይስ ሌላም ባለ ድርሻ አለው?

ወደ መልሱ ከመሄዳችን በፊት ነገሩ ከየት እንደመጣ እንመልከት። በኢስላም የመጀመሪያዎቹ አሥርተ ዓመታት ሙስሊሞች የሚገበያዩት በሮም ንጉሥ ምስል በተመታ ወርቅና በፋርስ ነገሥታት ምስል በተመታ ብር ነበር። ኸሊፋ ዐብዱል መሊክ ኢብን መርዋን በ77 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 696/97) ምስል የሌለበት፣ በሁለቱም ፊቱ ጽሑፍ ብቻ ያለበት ዲናር አስመታ። ክብደቱም 4.25 ግራም ያህል ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ድርሃሙ በዚሁ መልክ ተከተለ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የሙስሊሞች ሳንቲም እንደ መጽሐፍ የሚነበብ ሆነ። ተውሒድን ይናገራል፤ የተመታበትን ዓመት ይናገራል፤ ብዙውን ጊዜም የተመታበትን ከተማና የገዢውን ስም ያስታውቃል። አንድ ከተማ በየትኛው ዓመት በማን እጅ እንደነበረ ታሪክ ጸሐፊዎች ቢለያዩ ሳንቲሙ ምስክርነቱን ይሰጣል።

ዑለማኦቻችንም ይህን ቀድመው ተረድተዋል። በላዙሪ በሦስተኛው የሂጅራ ክፍለ ዘመን ስለ አገሮች መከፈት በጻፈው ታዋቂ ኪታቡ መጨረሻ አካባቢ ስለ ገንዘብ አመታት የሚያወራ ምዕራፍ አኑሯል። በአይዩቢዩ ሱልጣን አል ካሚል ዘመን (እ.ኤ.አ. 1218-1238) ደግሞ መንሱር ኢብን በዕራ የተባለ ባለሙያ በግብጽ የገንዘብ መምቻ ቤት ወርቅ እንዴት እንደሚነጥርና እንደሚፈተን የሚያስረዳ መጽሐፍ ጽፏል።

ከሁሉም በላይ ግን የሚጠቀሰው ካይሮአዊው ተቂዩዲን አል መቅሪዚ (እ.ኤ.አ. 1364-1442) ነው። መቅሪዚ የካይሮ ሙሕተሲብ ሆኖ ስለሠራ ገበያን የሚያውቀው ከውስጡ ነው። የአባይ ሙላት ጎድሎ ግብጽ በረሃብ ስትመታ፣ በ808 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1405) «ኢጋሰቱል ኡማ» የተባለውን ኪታብ ጻፈ። የመከራው ሥር የዝናብና የወንዝ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ተናገረ። ሹመት በጉቦ መሸጡን፣ የመሬት ኪራይ መናሩንና የመዳብ ፉሉስ ገበያውን ማጥለቅለቁን ዋና ምክንያቶች አድርጎ ዘረዘረ። ኋላም ስለ ገንዘብ ታሪክ ብቻ «ሹዙሩል ዑቁድ» የተባለ ሌላ ኪታብ አዘጋጀ። ይኸው ሰው በ839 ዓመተ ሂጅራ በመካ ሳለ ስለ እኛ አገር የሰማውን አሰባስቦ በሐበሻ ምድር ስለነበሩ የሙስሊም ነገሥታት የሚተርከውን «አል ኢልማም» ጻፈልን። የኢፋትንና የወላስማዎችን ታሪክ የሚያጠና ሰው ይህን ኪታብ ሳይጠቅስ አያልፍም።

እነዚህ ኪታቦች ለመጀመሪያ ጊዜ በማተሚያ መኪና የታተሙት የት ይመስላችኋል? ስለ ሐበሻ ሙስሊም ነገሥታት የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1790 በሆላንድ አገር በላይደን ከተማ ታተመ። ስለ ገንዘብ የተጻፈው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1797 በጀርመን አገር በሮስቶክ ታተመ፤ በዚያው ዓመት ሲልቬስትር ደ ሳሲ የፈረንሳይኛ ትርጉሙን በፓሪስ አወጣ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1782 አድለር የተባለ ምሁር የካርዲናል ቦርጂያን የኩፊ ሳንቲሞች በመዳብ ሰሌዳ አስቀርጾ በሮም አሳትሟል። ዛሬ ሰብሳቢዎች የሚሻሙባቸው የድሮ መጻሕፍት እንግዲህ እነዚህና እነዚህን የመሰሉ ናቸው። የሙስሊሙን ዓለም ገንዘብ ታሪክ በታተመ መጽሐፍ ለማንበብ የፈለገ ሰው ለረጅም ዘመን በካርዲናልና በአምባሳደር ሳሎን በኩል ማለፍ ነበረበት።

በዚህ ነገር ልንቆጭ እንችላለን። ቁጭቱ ግን ሁለት ፊት እንዳለው ሳንቲም ነው። በአንድ ፊቱ፣ እነዚያ ሰዎች ንብረቱን ከአገሩ አርቀው ወስደዋል። በሌላው ፊቱ፣ ወስደው አልቆለፉትም፤ አነበቡት፣ አሳተሙት፣ ሌላው እንዲያርማቸውም በሩን ከፈቱ። ሰብሳቢን ከሰብሳቢ የሚለየው ይህ ሁለተኛው ፊት ነው ብዬ አምናለሁ።

አንድ በሰፈራችን የሚኖሩ ሐጂ መጻሕፍቱን ባሳየኋቸው ጊዜ ፈገግ ብለው፣ «ልጄ፣ ዲናሩ የለህ፣ ዘካው የለብህ፤ ታዲያ የዲናሩን ወሬ ምን ብለህ ገዛኸው?» አሉኝ። «ሐጂ፣ ወሬው ከዲናሩ ዕድሜው ይረዝማል ብዬ ነው» አልኳቸው። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው፣ «እርሱስ ልክ ነው፤ ግን አንተ ስትሄድ ማን ይከፍተዋል?» አሉ። የሐጂ ሁለት ጥያቄዎች ሙሉ መልስ ይሻሉ።

የመጀመሪያው የኢስራፍ ጥያቄ ነው። በዙሪያችን የሚራብ እያለ ለአሮጌ ወረቀት ገንዘብ ማውጣት አግባብ ነውን? ለእውነቱ ከሆነ፣ ዘካውን ያልከፈለ፣ የቤተሰቡን መብት ያላሟላ ሰው ለብርቅ መጽሐፍ ገንዘብ ቢያፈስ ምክንያቱ ውሃ የሚቋጥር አይደለም። ግዴታውን የተወጣ ሰው ግን የታሪክን ማስረጃ ከጥፋት ቢያድን ገንዘቡን አባከነ ልንለው አንችልም። መጽሐፉ ከወርቁ በላይ ዕድሜ እንደሚኖረው የሚያሳይ አንድ እውነተኛ ታሪክ ልጥቀስ።

የሮም ንጉሥ ዩስቲኒያኖስ፣ ወደ አክሱሙ ንጉሥ ካሌብ መልእክተኞች የላከው ማለት ነው፣ አንድ ታላቅ የወርቅ ሜዳሊያ አስመትቶ ነበር። ክብደቱ ከ160 ግራም በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1751 በትንሿ እስያ በቂሳርያ ተገኘና ወደ ፈረንሳይ ንጉሥ ስብስብ ገባ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1831 ሌሊት ሌቦች የፓሪሱን ስብስብ ሰብረው ከሁለት ሺህ በላይ የወርቅ ዕቃዎችን ዘረፉ፤ አብዛኛውንም አቀለጡት። የዩስቲኒያኖስ ሜዳሊያ ከቀለጡት መካከል ነበረ። ታዲያ ዛሬ መልኩን እንዴት አወቅነው? ቀደም ብሎ ምስሉ ተሥሎ በመጽሐፍ ስለታተመና ቅርጹም ተቀድቶ ስለነበር ነው። ሌባው ወርቁን ወሰደ፤ ዕውቀቱን ግን መውሰድ አልቻለም፤ ምክንያቱም ዕውቀቱ በብዙ እጅ ተበትኖ ነበር። ከአንድ ሰው ሣጥን ሳይወጣ ቢቀር ኖሮ ከወርቁ ጋር አብሮ በቀለጠ ነበር።

ሁለተኛው የሐጂ ጥያቄ ግን ይከብዳል። ስንሄድ ማን ይከፍተዋል?

በዚህ ላይ ስለ ዋጋ አንድ ነገር ልብ እንበል። የአንድ ሳንቲም ዋጋ ቢያንስ ሦስት ነው፤ የብረቱ ዋጋ፣ የብርቅነቱ ዋጋና የሚሰጠው ጥቅም ዋጋ። መጽሐፍ ላይ ብረቱን አውጡት፤ ወረቀትና ቆዳ ኪሎው ምንም አያወጣም። የሚቀሩት ብርቅነትና ጥቅም ናቸው፤ እነዚህ ሁለቱ ደግሞ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። ስታንሊ ሌን ፑል እ.ኤ.አ. ከ1875 እስከ 1890 በአሥር ጥራዝ ያወጣው የብሪቲሽ ሙዚየም የምሥራቅ ሳንቲሞች መዝገብ ለተመራማሪ ከአድለር መጽሐፍ እጅግ ይበልጥ ይጠቅማል። ሰብሳቢ ግን የድሮውን ይመርጣል፤ የኩፊ ንባብ ገና ዳዴ በሚልበት ዘመን የተጻፈ፣ ኋላ የመጡት ብዙ ያረሙት ቢሆንም እንኳ። ይህ ሞኝነት አይደለም። ስሕተቱም ታሪክ ነው፤ ሰው ወደ እውነት በየትኛው መንገድ እንደተጓዘ ያሳያል። ነገር ግን ብርቅነት ብቻውን ጌታ ሲሆን አደጋው ይመጣል። መጽሐፉ በጥቂት ሰው እጅ በቀረ ቁጥር ዋጋው ስለሚወጣ፣ ባለቤቱ ሌላ ቅጂ እንዳይገኝ፣ ሌላ ሰውም እንዳያየው መመኘት ይጀምራል።

መቅሪዚ የመዳቡ ገንዘብ ሲበዛ ወርቁና ብሩ ከገበያ መሰወሩን በዐይኑ አይቶ ጽፏል። በመጽሐፍ ገበያም ተመሳሳይ ነገር እናያለን። ለማትረፍ ብቻ የሚገዛው ሲበዛ ለማንበብ የሚገዛው ከገበያ ይወጣል። ከዚያም አልፎ የጥንት መጽሐፍን ቅጠል በቅጠል ገንጥለው፣ የሳንቲም ሥዕሎቹን ለየብቻ በመስታወት አስገብተው የሚሸጡ ነጋዴዎች አሉ። ሃያ ሥዕል ለሃያ ገዢ ሲሸጥ ከአንድ መጽሐፍ የበለጠ ያስገኛል፤ ጽሑፉ ግን ወደ ቆሻሻ ይሄዳል። ሕጉ «ንብረቱ ነው» ይላል። ሕሊናስ ምን ይላል?

እኔ ፈትዋ የመስጠት ሥልጣን የለኝም፤ ለዑለማኦች የተተወ ነው። ለማስተንተን ያህል ግን ሁለት የምናውቃቸውን ነገሮች ላንሣ። አንደኛው የኢሕቲካር ጉዳይ ነው። ዋጋ እንዲወደድ ሰው የሚፈልገውን ነገር መያዝ የተወገዘ ነው። ብዙ ፉቀሃእ ክልከላውን በምግብ ላይ ሲያተኩሩ፣ የኢማም አቡ ሐኒፋ ደቀ መዝሙር አቡ ዩሱፍ ግን መያዙ ሕዝብን የሚጎዳ ነገር ሁሉ ይገባበታል ብለዋል። ሁለተኛው የከንዝ ጉዳይ ነው። ወርቅና ብር አከማችተው በአላህ መንገድ የማያወጡ ሰዎች በቁርኣን ብርቱ ዛቻ መጥቶባቸዋል። እንደ ኢብን ዑመር ያሉ ሰሓቦች ዘካው የወጣለት ሀብት ከንዝ አይደለም ሲሉ አስረድተዋል። እንግዲህ በምሳሌ ብናስበው፣ የመጽሐፍ ዘካው ምንድን ነው? ኢልሙን ማካፈል አይደለምን? ዕውቀትን ተጠይቆ የደበቀ ሰው የሚጠብቀውን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስጠንቅቀዋል። መጽሐፉን ለጠያቂ የሚያሳይ፣ ገጹን የሚያስቀዳ፣ የሚያስተምርበት ሰው ዘካውን አውጥቷል። ያልሆነው ግን በቤቱ ያለው ወረቀት ይሁን እንጂ ጠባዩ የከንዝ ነው።

ይህን ስል የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ችላ ማለት አይገባም። የመጀመሪያው፣ «ሰብሳቢው ባይገዛው ኖሮ መጽሐፉ የሱቅ ስኳር መጠቅለያ ይሆን ነበር» የሚል ነው። ይህ እውነት ነው። ስንት የአባቶቻችን ወረቀት በበርበሬና በቅመም መጠቅለያነት አልቋል! ከጥፋት ማዳን ታላቅ ውለታ ነው። ሆኖም ልጅን ከጎርፍ ያወጣ ሰው ልጁን አስሮ የማስቀመጥ መብት አያገኝም። ማዳን የአማና መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም።

ሁለተኛው፣ «የተዋሰ አይመልስም» የሚል ነው። ይህም በተሞክሮ የታወቀ ነው፤ ባለቤቱ ቢሰጋ አይፈረድበትም። ነገር ግን በውሰትና በመቆለፍ መካከል ሰፊ ቦታ አለ። በቤቱ ተቀምጦ እንዲያነብ መፍቀድ፣ ፎቶ ማንሣት፣ ምን እንዳለው ዘርዝሮ ማሳወቅ ይቻላል።

ሦስተኛው ዘመን አመጣሽ ነው፤ «የማርስደንም የሌን ፑልም መጽሐፍ በኢንተርኔት በነፃ ይነበባል፤ እኔ ብቆልፈው ማን ይጎዳል?» ይላል። በከፊል ልክ ነው፤ አላህ ይህን በር ስለከፈተልን ምስጋና ይገባዋል። ይሁንና የተቀዳው የታተመው ጽሑፍ ነው እንጂ እያንዳንዱ ቅጂ አይደለም። ከእኔ ዘንድ አንድ የድሮ የሳንቲም ጨረታ ዝርዝር አለ። ያልታወቀ እጅ በየተራ ቁጥሩ ጎን የተሸጠበትን ዋጋ በእርሳስ ጽፎበታል። አንድ ሳንቲም ዛሬ ተሰርቆ ገበያ ላይ ቢወጣ ባለቤትነቱን ለመከታተል የሚረዳው እንዲህ ያለው ዝርዝርና ሥዕሉ ነው። ያ የእርሳስ ጽሑፍ በዚያ ቅጂ ላይ ብቻ ይኖራል። በእጅ ስለተጻፉ ኪታቦችማ ምን እንላለን? ከወሎ እስከ ሐረር በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ያሉት ብዙዎቹ ሌላ ቅጂ ያላቸው መሆኑን እንኳ የሚያውቅ የለም።

ነገሩን ወደ አገራችን እናምጣው። የሐረር አሚሮች የራሳቸውን ገንዘብ ይመቱ እንደነበር ስንቶቻችን እናውቃለን? እንግሊዛዊው በርተን እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ሐረር ገብቶ፣ በተከታዩ ዓመት በታተመው መጽሐፉ ማሐለቅ ስለሚባለው ትንሽ የነሐስ ሳንቲም ጽፏል፤ በአንድ ፊቱ የሐረር መመታቱን፣ በሌላው 1248 የሚለውን የሂጅራ ዓመት ይዟል ብሏል። የዚህን ገንዘብ ታሪክ በጥናት መልክ ያቀረቡልን የአገራችን ሰው አሕመድ ዘካሪያ ሲሆኑ፣ ጽሑፋቸው እ.ኤ.አ. በ1991 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ወጥቷል። ከበርተን እስከዚያ 136 ዓመት ይቆጠራል። ይህን ያህል ዘመን የገዛ ገንዘባችንን ታሪክ በመንገደኛ ማስታወሻ ስናነብ የኖርነው ሳንቲሙ ጠፍቶ አይደለም፤ በየቤቱ ነበረ። የሚያጠናው ሰውና የሚያጠናበት የተከፈተ በር ግን ጥቂት ነበር።

በዚያችው ሐረር በጎ ምሳሌም አለ። አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ በግል ጥረታቸው ኪታቦችን፣ ሳንቲሞችንና ሌሎች ቅርሶችን ሰበሰቡ። ቤታቸውን ለተመልካች ከፈቱ፤ የኪታብ ጥገናና ጥረዛ ተማሩ፤ ኋላም ስብስቡ የራስ ተፈሪ ቤት ወደሚባለው ሕንጻ ተዛውሮ የከተማው ሙዚየም ሆነ። የግል ስብስብ እንዴት የሕዝብ እንደሚሆን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ከውጭም ቢሆን መልካሙን መማር አያሳፍርም። ዊልያም ማርስደን የሰበሰባቸውን የምሥራቅ ሳንቲሞች እ.ኤ.አ. ከ1823 እስከ 1825 በሁለት ጥራዝ ዘርዝሮ አሳተመ። እ.ኤ.አ. በ1834 ሳንቲሞቹን ለብሪቲሽ ሙዚየም፣ በተከታዩ ዓመትም መጻሕፍቱን ለለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ሰጠ። በግብጽ ደግሞ አሕመድ ተይሙር ፓሻ (እ.ኤ.አ. 1871-1930) ዕድሜውን ሙሉ ያከማቸው ታላቅ ቤተ መጻሕፍት ወደ ዳሩል ኩቱብ ገብቶ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ይህ ለእኛ አዲስ ሐሳብ አይደለም፤ ወቅፍ ይባላል። በኢስላም ታሪክ ኪታብ ወቅፍ ማድረግ በየመስጊዱና በየመድረሳው የታወቀ ሥራ ነበር። ባለቤቱ ቢሞት ኢልሙ የሚጠቅም እስከሆነ ድረስ ምንዳው አይቋረጥም።

እንግዲህ ለጥያቄዬ የደረስኩበት መልስ ይህ ነው። ወረቀቱና ቆዳው የገዢው ገንዘብ ነው፤ ማንም ሊነጥቀው አይገባም። ውስጡ ያለው ግን አማና ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 እንኳ ግለሰብ ቅርስ ሊይዝ እንደሚችል ተቀብሎ፣ የመጠበቅ ግዴታ ጥሎበታል። ሸሪዓ በሕሊናችን ላይ የሚጥለው ከዚህ ያንሳል ብሎ የሚያስብ ሙስሊም ይኖራል ብዬ አልገምትም።

ስለዚህ መጽሐፍ፣ ኪታብ ወይም ጥንታዊ ሳንቲም በቤቱ ያለው ወንድምና እኅት ሦስት ነገር እንዲያደርግ አደራ እላለሁ። አንደኛ፣ ያለውን በአንድ ደብተር ዘርዝሮ ይጻፍ፤ ያልተጻፈ ሀብት ወራሽ አያውቀውም። ሁለተኛ፣ ለሚጠይቅ ተማሪ በሩን ይክፈት። ሦስተኛ፣ ከሞቱ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ በሕይወቱ ሳለ በምስክር ፊት ይወስን፤ ወቅፍ ቢያደርገው መልካም፣ ካልሆነም ዋጋውን ለሚያውቅ ወራሽ ይናዘዝ። ይህን ሳያደርግ የሚሞት ሰብሳቢ ዕድሜውን ሙሉ ሲደክም ኖሮ ስብስቡን በኪሎ ለሚገዛ አስረክቦ ይሄዳል።

አላህ የያዝነውን አማና የምንጠብቅ፣ ጠብቀንም የምናካፍል ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።